ከዝባድ ቀንድ እስከ ሽቶ ናሙና

የሽቶ ነጋዴ ለደንበኛው የሚሰጣት የናሙና ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊ ሊትር አትበልጥም። ዋጋው ቀለል ያለ የወንድ ሽቶ ለመግዛት ያሰበ ሰው ጠብታዋን እጁ ላይ አድርጎ ወዲያው ቢፈርድ ግን ፍርዱ የችኮላ ይሆናል። መጀመሪያ አፍንጫን የሚመታው የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ መዓዛ ከአልኮሉ ጋር በሩብ ሰዓት ገደማ በንኖ ይጠፋል። ቀጥሎ የአበባውና የቅጠላ ቅጠሉ ተራ ይመጣል። ከሰዓታት በኋላ ከቆዳ ጋር ተዋሕዶ የሚቀረው ግን ሌላ ነው፤ ጥሩው ሽቶ ከተራው የሚለየውም በዚህ በመጨረሻው መዓዛ ነው። ይህን ቀሪ መዓዛ ለብዙ ዘመን ለዓለም ሽቶ ቀማሚዎች ስታቀርብ የኖረች አንዷ አገር ኢትዮጵያ ነች። ዕቃውም ዝባድ ነው።

ዝባድ ጥርኝ ከተባለው የሌሊት አውሬ፣ ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ የሚገኝ ቅቤ መሰል ቅባት ነው። ስሙ ከዐረብኛው «ዘባድ» ጋር አንድ ነው፤ አውሮፓውያን ለእንስሳው የሰጡት ስም የወጣውም ከዚሁ ሥር ነው። ትኩሱን ዝባድ በቀጥታ ያሸተተ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ይከረፋልና። እጅግ በጥቂቱ በአልኮል ሲሟሟ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌሎቹን መዓዛዎች ቶሎ እንዳይበኑ ይዞ ያቆያል።

የሊሙ ኢናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ በነገሡበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1825–1861) ከሳቃ ገበያ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር ዝባድ ይወጣ ነበር። ነጋዴዎች ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ፣ ከዚያም በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ያደርሱታል። ዝባዱ የሚጓዘው በከብት ቀንድ ተሞልቶ ነው። ቀንድ ደግሞ ውስጡ አይታይም፤ ቅቤ ወይም ሌላ ቅባት የተቀላቀለበት ዝባድም በገበያው እንግዳ አልነበረም። ስለዚህ ንቁ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ጥቂት አስወጥቶ ማየትና ማሽተት ነበረበት። እንግዲህ ናሙና የዘመናዊ ሱቅ ፈጠራ አይደለም ማለት ነው። ልዩነቱ ያን ጊዜ ናሙናውን የሚጠይቀው የተጠራጠረው ገዢ ሲሆን፣ ዛሬ የሚያቀርበው ሊያማልል የፈለገው ሻጭ መሆኑ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኮቲ በ1904 ሽቶውን አልቀበልም ባለው የፓሪስ ትልቅ መደብር ውስጥ ብልቃጡ ተሰብሮ መዓዛው ሲናኝ፣ ወይዛዝርት እንደ ተሻሙበት ይተረካል። ብልቃጡ ወድቆ ይሁን ተጥሎ ተራኪዎቹ አይስማሙም።

የዝባድ ንግድ ሩቅ ያሉትንም ሰዎች ያስጎመጅ ነበር። በኋላ «ሮቢንሰን ክሩሶ»ን የጻፈው ዳንኤል ዴፎ በ1692 ለንደን አጠገብ ዝባድ ሊያመርት 70 ያህል ጥርኞች ገዝቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከሰረ። (ለክሥረቱ ጥርኞቹ ብቻቸውን ተጠያቂ አልነበሩም።) እንዲህ ውድ በሆነ ዕቃ የተቀመመ ሽቶ ደግሞ ከባለጸጋ በቀር ለማን ሊደርስ ይችላል?

ሽቶን ያረከሰው፣ በዋጋ ማለት ነው፣ ኬሚስትሪ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ፐርኪን በ1868 ኩማሪን የተባለውን የደረቀ ሣር የመሰለ መዓዛ ያለው ንጥረ ነገር በቤተ ሙከራ ሠራ። የፓሪሱ ሁቢጋን ቤት በ1882 «ፉዤር ሮያል»ን ያወጣው ይህንኑ ኩማሪን ይዞ ነው። ዛሬ የፀጉር አስተካካይ ቤትን የሚያስታውሰው የወንዶች ሽቶ ሁሉ የዘር ሐረጉ ወደዚያ ይመዘዛል። የዝባድ ተራ የደረሰው ዘግየት ብሎ ነው። ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1926 የዝባድን ዋና መዓዛ የሚሰጠውን ሲቬቶን አሠራሩን ገለጠ፤ ለዚህና ለመሰል ሥራዎቹም የ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ከዚያ በኋላ መዓዛውን ለማግኘት የግድ አውሬውን ማሰር አያስፈልግም ነበር።

የወንድ ሽቶ የሠራተኛ ሰው ዕቃ የሆነውም በእነዚያው ዘመናት ነው። በ1938 አሜሪካ ውስጥ መርከብ የተሣለበት የ«ኦልድ ስፓይስ» ጠርሙስ ለገበያ ወጣ፤ በ1964 ደግሞ «ብሩት» ተከተለ። «ብሩት 33» የተባለው ርካሹ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከዋናው ሽቶ መዓዛ 33 በመቶ በመያዙ ነው። እንዲህ በግልጽ መናገሩ ለነጋዴ የሚያስመሰግን ነው።

የርካሹን ሽቶ ዋጋ ሌላው ወገን ከፍሏል። በኢትዮጵያ ጥርኝ የሚያረቡ ገበሬዎች ወንዱን ብቻ ከዱር አጥምደው፣ እንደ ልቡ በማይዞርበት የእንጨት ቆጥ ያኖሩታል። ሥጋ፣ እንቁላልና ገንፎ እያበሉ በየ9 እስከ 12 ቀኑ አጥብቀው ይዘው ዝባዱን ይጠርጋሉ። ለአውሬው ሥቃይ እንደሆነ አያጠራጥርም። ሻኔል ከ1998 ጀምሮ የተፈጥሮ ዝባድ መጠቀሙን እንዳቆመ አስታውቋል። በዚያው ሰሞን የእንስሳት ተቆርቋሪዎች የኢትዮጵያን የጥርኝ እርባታ የሚነቅፍ ዘገባ አወጡ። ወቀሳው ለአውሬው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያን ቀንድ ሞልቶ ልብስና ግብር የሚችለው ገበሬ ገቢው ሲነጥፍ ተተኪ ይዞለት የመጣ ሽቶ ቤት ስለ መኖሩ ብዙም አይሰማም።

ናሙናዋን እጁ ላይ ያደረገው ሰው እስከ ማታ ቢታገሥ፣ ከሎሚውም ከአበባውም በኋላ ለስለስ ያለ፣ እንስሳ እንስሳ የሚል ሙቀት ሊያገኝ ይችላል። በርካሹ ሽቶ ውስጥ ያ መዓዛ ከቤተ ሙከራ እንጂ ከቀንድ ባይመጣ ነው የሚበጀው። ማሸጊያውን ገልብጦ ቢያነብ ግን አይነግረውም፤ ዝባድም ሆነ ሲቬቶን፣ ኩማሪንን ከመሰሉ ጥቂቶች በቀር፣ «ፓርፉም» በምትለው በአንዲቱ ቃል ውስጥ ተጠቃለው ተጽፈዋል።