የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና

የመንጃ ፈቃድ ሥልጠና፦ አመልካች ተሽከርካሪን በሕግና በጥንቃቄ ለማሽከርከር የሚያበቃውን የንድፈ ሐሳብና የተግባር ዕውቀት የሚቀስምበት ትምህርት ነው።  በኢትዮጵያ ሥልጠናውን አዋጅ ቁጥር 600/2000፣ በኋላም አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ደንግገውታል።

ለአውቶሞቢል ፈቃድ ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ዓመት ነው። የትምህርት ማስረጃና የጤና ምርመራም ይጠየቃል። ወጪው የሥልጠና፣ የምርመራ፣ የፈተናና የፈቃድ ክፍያን ያጠቃልላል፤ የሥልጠናው ዋጋ እንደ ተቋሙና እንደ ፈቃዱ ምድብ ይለያያል።

ንድፈ ሐሳቡ የመንገድ ምልክቶችን፣ የትራፊክ ደንብንና የተሽከርካሪ አካላትን ይሸፍናል። በተግባር ለማጁ ፍሪሲዮን፣ ማርሽና ፍሬን ማቀናጀትን ይለማመዳል። በአዲስ አበባ ከፒያሳ ወደ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ዓይነት ተዳፋት ላይ፣ የቆመን መኪና ወደ ኋላ ሳያንሸራትቱ ማስነሣት፦ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ፣ ሞተሩ ሲይዝ ነዳጅ መጨመርና የእጅ ፍሬኑን ማውረድ ይጠይቃል። እንደ ምኒልክ አደባባይ ባሉ ስፍራዎች ቅድሚያ መስጠትና ለእግረኛ መቆም ዋና ክህሎቶች ናቸው። የሥልጠናው ፋይዳ የሰውን ሕይወት ከትራፊክ አደጋ መጠበቅ ነው።