ዜና አንቶንዮ ግራምሺ፥ ጽሑፉም ከወህኒ ወጥቶ ወደ ዓለም እንደ ሄደ

ነገሩ የኢጣልያ ሰዎች ነገር ነውና ዘመኑን እንደ እነርሱ አቆጣጠር እንጽፋለን።

በ1891 በሳርዴኛ ደሴት፥ አሌስ በምትባል ከተማ፥ አንቶንዮ ግራምሺ ተወለደ። በልጅነቱ ጀርባው ጎበጠ፤ ቁመቱም አጭር ሆኖ ቀረ። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረ፤ በገንዘብ ጉዳይ ተከሶ በታሰረ ጊዜ ቤቱ ተቸገረና ልጁ በአሥራ አንድ ዓመቱ በመሬት መዝገብ ቤት ገባ። ከራሱ የሚከብድ መዝገብ ሲያመላልስ ይውላል፤ ሌሊት ሰውነቱን እያመመው ሰው ሳያየው ያለቅሳል። ደመወዙ በወር 9 ሊሬ ነበረ፤ ይህም በቀን አንድ ኪሎ ዳቦ መግዣ ነው።

በ1911 የድሀ ተማሪ ድጎማ አግኝቶ ቶሪኖ ገባ። በ1919 ከጓደኞቹ ጋራ «አዲስ ሥርዓት» የተባለውን ጋዜጣ አቆመ። በማግሥቱ ዓመት የከተማይቱ ሠራተኞች ፋብሪካዎቹን ያዙ፤ ግን ከሸፈባቸው። በ1921 በሊቮርኖ እርሱም ያለበት የኮሚኒስት ፓርቲ ተመሠረተ፤ በ1922 ሙሶሊኒ ሥልጣኑን ጨበጠ። ድሀው ለምን ገዢውን ተከተለ? ግራምሺ ወህኒ ይዞት የገባው ጥያቄ ይህ ነው።

የሕዝብ እንደራሴ ነበረና አይከሰስም ነበር፤ ሆኖም በኖቬምበር 8 ቀን 1926 ያዙት። በ1928 ችሎት ላይ ዐቃቤ ሕጉ፥ ይህ አእምሮ ለሃያ ዓመት እንዳይሠራ እናድርገው አለ ይባላል። ዳኞቹም 20 ዓመት ከ4 ወር ከ5 ቀን ፈረዱበት። አምስቷ ቀን ለምን እንዳስፈለገች እነርሱ ያውቃሉ።

በቱሪ ወህኒ ቤት ሳለ በ1929 እንዲጽፍ ተፈቀደለት። በካምብሪጅ የሚያስተምር ፒየሮ ስራፋ የተባለ ወዳጁ በሚላኖ መጽሐፍ መሸጫ ቤት ሒሳብ ከፍቶለት መጽሐፍ ይመጣለት ነበር። የወህኒ ቤቱን መርማሪ ዓይን ስለሚያውቅ ማርክስን በስሙ ከመጥራት ይልቅ «የተግባር ፍልስፍና መሥራች» ይለዋል። እንዲህ እያለ 33 ደብተር ሞላ። የነገሩም ፍሬ ይህ ነው፤ ገዢ በጉልበት ብቻ አይገዛም፤ ትምህርት ቤቱ፥ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ጋዜጣው ተገዢውን በገዛ ፈቃዱ እሺ ያሰኙታል። ይህን ሄጌሞኒ አለው። እንግዲህ ቤተ መንግሥቱን ከመያዝ በፊት የሰዉን ልብ መያዝ ያስፈልጋል ማለት ነው።

የሙሶሊኒ ጦር በ1935 መረብን ሲሻገር ግራምሺ ታሞ ከቱሪ ወጥቶ ሮማ ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር። በኤፕሪል 27 ቀን 1937 በ46 ዓመቱ ሞተ። ከዚህም በኋላ ከፓርቲው ሰዎች አንዱ ኢሊዮ ባሮንቲኒ በሱዳን በኩል ጎጃም ገብቶ ከአርበኞች ጋራ በገዛ አገሩ ጦር ላይ ተሰለፈ። ኡክማርና ሮላ የሚባሉ ሁለት ባልንጀሮቹም ተከተሉት። ባሮንቲኒ ጳውሎስ፥ ኡክማር ዮሐንስ፥ ሮላ ጴጥሮስ ተባሉ። ኮሚኒስት በሐዋርያ ስም ሲጠራ ዜና ጸሐፊ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ደብተሮቹን ያዳነች የሚስቱ እኅት ታትያና ናት። በእስራቱ ዘመን ሁሉ ስትጽፍለትና ስትጠይቀው ኖራ፥ ሲሞት ደብተሮቹን በሮማውያን ቍጥር እየቈጠረች ወደ ሞስኮ እንዲደርሱ አደረገች። ታትመው ሳታይ በ1943 ሞተች። ስሟ በብዙው መጽሐፍ ግርጌ ላይ መቅረቱ ፍርድ አይደለም።

ደብተሮቹ ከ1948 እስከ 1951 በቶሪኖ ታተሙና መንገድ ጀመሩ። በአርጀንቲና ኮርዶባ ሆሴ አሪኮና ጓደኞቹ በ1963 በግራምሺ ሐሳብ መጽሔት ቢያወጡ የገዛ ፓርቲያቸው አባረራቸው። በእንግሊዝ አገር ጃማይካዊው ስቱዋርት ሆል የድሀው ሠፈር ሰው ለማርጋሬት ታቸር ወገን ስለ ምን እንደሚያደላ በዚያው ሐሳብ መረመረ። የህንዱ ራናጂት ጉሃም ከ1982 ጀምሮ ታሪክን ከገበሬው ወገን ሆኖ ለመጻፍ ያሰበ ማኅበር መራ።

ጠላትም አነበበው። በ1981 የፈረንሳይ አዲሱ ቀኝ ወገን ጉባኤ አድርጎ፥ ግራዎቹ ያሸነፉን በባህል ነውና እኛም የግራምሺን መንገድ እንያዝ ብሎ መከረ። በ2024 ደግሞ በኢጣልያ ከቀኙ ወገን የሆነ አሌሳንድሮ ጁሊ «ግራምሺ ሕያው ነው» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር በጆርጃ ሜሎኒ መንግሥት የባህል ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ።