ድባቴ በጋዜጦች

ድባቴ በጋዜጦች የሚቀርብበት መንገድ ማለት ጋዜጦች ስለዚህ ሕመምና ሕመሙ ስላለባቸው ሰዎች ሲጽፉ የሚመርጡት ቃል፣ ርዕስ፣ ፎቶግራፍና የመረጃ ምንጭ ነው። ድባቴ ከሁለት ሳምንት ላላነሰ ጊዜ የሚቆይ ከባድ ሐዘን ወይም ደስታ ማጣት፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካምና ራስን መውቀስ የሚታይበት ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ድባቴ እንደነበረባቸው ገምቷል።

የቃላት ምርጫ

በዕለት ተዕለት አማርኛ «ደበረኝ» ማለት ብዙውን ጊዜ ሰለቸኝ ማለት ነው። ስለዚህ ጋዜጣ «ድብርት» ብሎ ሲጽፍ ሕመሙ በጨዋታ የሚያልፍ ስሜት ሊመስል ይችላል። «ጭንቀት» ደግሞ የሌላ ሕመም ስም ነው። በተቃራኒው «እብድ» ወይም «አእምሮው የተነካ» የሚሉ አጠራሮች ሰውየውን አደገኛ ያስመስሉታል። «ድባቴ» የሚለው ቃል ሕመሙን ከሁለቱም ይለያል። «ድባቴ ያለበት ሰው» ማለትም ሰውን በሕመሙ ከመጥራት ይሻላል።

በ2003 እ.ኤ.አ. የብሪታኒያው ጋዜጣ ዘ ሰን የቀድሞው ቦክሰኛ ፍራንክ ብሩኖ ሆስፒታል መግባቱን በፊት ገጹ በሚያላግጥ ቃል ዘገበ። ቁጣ ሲነሳ ግን በዚያው ዕለት በኋላ በወጣው እትም ርዕሱን ቀየረ።

ዜናና የጤና ዓምድ

በዜና ገጽ የአእምሮ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከወንጀል ወይም ከሞት ጋር ነው። ድባቴ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ግን ሌላውን አይጎዱም። በጤና ዓምድ ደግሞ ሐኪሙ ምልክቶቹን ይዘረዝራል፤ ታክሞ የተሻለው፣ ሥራውን የሚሠራውና ልጆቹን የሚያሳድገው ሰው ድምፅ እምብዛም አይሰማም።

መገለል

በ2001 እ.ኤ.አ. በቡታጅራ አካባቢ የተደረገ ጥናት ውጤት ታትሟል። በጥናቱ ስኪዞፍሬንያ ወይም ከባድ የስሜት ሕመም ያለባቸው ሰዎች 178 ዘመዶች ተጠይቀው፣ 75 በመቶው መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። 37 በመቶው የዘመዳቸውን ሕመም መደበቅ ይፈልጉ ነበር። የሚያሸማቅቅ ርዕስ ይህን መደበቅ ያባብሳል፤ የተደበቀ ሕመም ደግሞ ሳይታከም ይቆያል።

ራስን ስለማጥፋት መዘገብ

በኦስትሪያዋ ቪየና በምድር ውስጥ ባቡር ራስን ማጥፋት በዝቶ በነበረበት ጊዜ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ለጋዜጠኞች መመሪያ ተሰጠ። ጋዜጦች ድራማዊ ዘገባቸውን ሲተዉ፣ በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ቁጥሩ ከመጀመሪያው አጋማሽ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በኋላም ያሻሻለው መመሪያ የአፈጻጸሙን ዝርዝር አለመጻፍን፣ ምክንያቱን በአንድ ነገር ብቻ አለማሳበብንና እርዳታ የሚገኝበትን ቦታ መጠቆምን ይመክራል።

ሕክምናን ማሳወቅ

አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። በዚህም የተነሳ «አማኑኤል» የሚለው ስም በከተማው ቀልድ የእብደት መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ግን ሕክምናው በጤና ጣቢያዎችና በአጠቃላይ ሆስፒታሎችም እንዲሰጥ ያለመ ነው። አማኑኤልን ብቻ የሚጠቅስ ዘገባ ለምሳሌ በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ የሚኖርን አንባቢ እርዳታው ሩቅ እንደሆነና መሄዱም እንደሚያሳፍር ያሳምነዋል፤ በቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መጠየቅ እንደሚቻል የሚጽፍ ዘገባ ግን መጀመሪያ የሚንኳኳውን በር ያሳየዋል። ብዙ ሕሙማን በቅድሚያ ጠበል ስለሚሄዱም፣ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መከታተል እንደሚቻል መጻፍ ሁለቱን ከማጣላት ይበልጥ ይጠቅማል።