ሃምሳ ጨዋታ፣ አንድ ጦርነት

በአውስትራሊያው የቪክቶሪያ እግር ኳስ ሊግ መዝገብ የኪት ትረስኮት ድርሻ አጭር ነው፤ ለሜልበርን ክለብ 50 ጨዋታ፣ 31 ጎል። እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1940፣ ከዚያም በ1942 አንድ ቀን ብቻ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ተራ ተጫዋች ነበር ሊል ይችላል። ነገር ግን በዚህች ዘመን ውስጥ ሁለት ዋንጫ አለ፤ ሜልበርን በ1939 ኮሊንግውድን፣ በ1940 ሪችመንድን በፍጻሜ ሲያሸንፍ ትረስኮት ተሰልፏል።

የአውስትራሊያ እግር ኳስ በሞላላ ሜዳ ላይ 18 ለ18 ይካሄዳል፤ ኳሷም ሞላላ ናት፤ በመሃለኛዎቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል በእግር ተመትታ ስታልፍ 6 ነጥብ ታስገኛለች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ጨዋታ ባያስቆመውም አመናምኖታል። የጂሎንግ ክለብ በጉዞ ገደብ ምክንያት በ1942 እና በ1943 ከውድድር ወጣ። ለሊጉ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠው የብራውንሎው ሜዳሊያ ከ1942 እስከ 1945 አልተሰጠም። ታላቁ የሜልበርን ክሪኬት ሜዳም የጦር ሰፈር ስለሆነ የፍጻሜ ጨዋታዎች ወደ ሌሎች ሜዳዎች ተዛወሩ።

ትረስኮት በ1940 አየር ኃይል ገባ፤ የዚያን ዓመት ፍጻሜም የተጫወተው ከሥልጠና ፈቃድ አግኝቶ ነው። አውሮፕላን ሲያሳርፍ ከፍታ መገመት ይቸግረው ነበር፤ በውጊያ ግን የሚፈራ ሆነ። በእንግሊዝ በ452ኛው ስኳድሮን ስፒትፋየር እያበረረ ስመ ጥር ሆነ፤ ለአየር ጀግንነት የሚሰጠውን መስቀልም ሁለት ጊዜ ተሸለመ። በ1942 አገሩ ሲመለስ ከሪችመንድ ጋር አንድ ጨዋታ አደረገ። ከወራት በኋላ በኒው ጊኒ ሚልን ቤይ ከ76ኛው ስኳድሮን ጋር ነበር፤ አዛዡ ፒተር ተርንቡል ሲገደል ስኳድሮኑን ተረክቦ መራ፤ በዚያም የጃፓን ወራሪ ኃይል ተመልሶ ለመሸሽ ተገደደ። እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1943 በምዕራብ አውስትራሊያ ኤክስማውዝ ባሕረ ሰላጤ ላይ በአንድ ካታሊና አውሮፕላን ላይ የማስመሰያ ጥቃት ሲለማመድ ከውኃው ጋር ተጋጨ። ገና 26 ዓመቱ ነበር።

ብቻውንም አልነበረም። ከሜልበርን ባለዋንጫዎች ሮን ባራሲ በ1941 በቶብሩክ፣ ሃሮልድ ቦል በ1942 በሲንጋፖር፣ ሲድ አንደርሰን በ1944 በኒው ጊኒ ወደቁ። የባራሲ ስም በልጁ ቀጠለ፤ አባቱን በሕፃንነቱ ያጣው ታናሹ ሮን ባራሲ ከሜልበርን ጋር 6 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

የጦርነት ዘመን ተጫዋች በጨዋታ ብዛት ሲመዘን ይጎዳል፤ ምርጥ ዓመታቱ በሌላ መዝገብ ተጽፈዋልና። ክለቡ ይህን የተረዳው ይመስላል፤ በየዓመቱ ለቡድኑ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን ሽልማት የሰየመው በትረስኮት ነው። ስለዚህ ከሁለት መቶ ጨዋታ በላይ ያደረጉ ሰዎች ዛሬም የሚከበሩት ሃምሳ ብቻ በተጫወተ ሰው ስም ነው።