ፓርቲ የሀገርን ቦታ ሲይዝ፦ ከፈረስ መጋላ የታየ

በሐረር የግንብ ከተማ በጀጎል መሃል፣ በፈረስ መጋላ አደባባይ፣ ሁለት ታሪኮች ፊት ለፊት ይተያያሉ። አንዱ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው የወደቁት ሐረሪዎች መታሰቢያ ነው። ሌላው ከዚያ ውጊያ በኋላ በመስጊድ ቦታ ላይ የታነጸው መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከተማዋን የሚወድ ሰው ሁለቱንም ተሸክሞ ይኖራል። ብሔርተኝነት አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ ሀገር ወዳድነት ግን አያስገድደውም። የእኔ መከራከሪያ ይህን ልዩነት የሚያጠፋው ብቸኛ ፓርቲ ነው የሚል ነው።

በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ይዞ እስከ ሐረር ዳርቻ ዘለቀ። ጦሩን ያዘመተው ዚያድ ባሬ በ1968 ዓ.ም. ሀገሩን በአንድ ፓርቲ ሥር ያዋለና ሶማሌ የሚኖርበትን ምድር ሁሉ በአንድ ባንዲራ ሥር ለማድረግ የተነሳ መሪ ነበር። የኢትዮጵያ ወታደርና ከየገጠሩ የመጣው ሚሊሺያ፣ በኩባ ጦር እየታገዙ፣ ሐረርን አላስነኩም፤ የካቲት 26 ቀን ካራማራ ላይ ድል ተገኘ። ያ ገበሬ የተዋጋው ለሶሻሊዝም ብሎ ነበር ብሎ ማመን በጣም ይከብደኛል። በሥልጣን ላይ የነበረው ደርግ ግን ድሉን የራሱ አደረገው። በ1977 ዓ.ም. መባቻ አካባቢ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓን) መሠረተ፤ የ1979ኙ ሕገ መንግሥት ደግሞ ፓርቲውን የመንግሥትና የኅብረተሰብ መሪ አድርጎ ሾመው። ከዚያ በኋላ ኢሠፓን የነቀፈ ኢትዮጵያን እንደነቀፈ ተቆጠረ።

ደርግን የተካው ግንባር፣ ኢሕአዴግ፣ መንገዱን ገለበጠው። የሀገር ፍቅር «ትምክህት»፣ ከፓርቲው የወጣ የብሔር ጥያቄ ደግሞ «ጠባብነት» ተባለ፤ ሚዛኑን የሚይዘው ያው አንድ እጅ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ግንባሩና አጋሮቹ ከ547 የፌዴራል ወንበሮች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ሁሉንም ወሰዱ። ከአጋሮቹ አንዱ የሐረሪ ብሔራዊ ሊግ፣ ሐብሊ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ግንባሩን ወደተካው ብልጽግና ፓርቲ ገባ። በ1999ኙ ቆጠራ ከክልሉ 183,415 ነዋሪ ሐረሪዎች ከ9 በመቶ ያነሱ ስለነበሩ፣ ከክልሉ ምክር ቤት 36 ወንበሮች 14ቱ ለብሔረሰቡ መጠበቃቸው ተገቢ ይመስለኛል። ሆኖም ወንበሮቹን አንድ ፓርቲ ብቻ ሲሞላቸው ጥበቃው ከሕዝቡ ወደ ፓርቲው ይዞራል፤ የከተማው ቁጣም በምክር ቤት መድረክ ሲያጣ ወደ ጎዳና ይወጣል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከጀጎል ግንብ ውጭ የነበረው፣ አፈወርቅ ተክሌ የሠራው የራስ መኮንን ሐውልት በሕዝብ ቁጣ ሲወድቅ የታየውም በከፊል ይህ ነው።

ከፈረስ መጋላ ቁልቁል መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሲወረድ፣ የስፌት መኪኖች ድምፅ ጠባቡን መንገድ ይሞላዋል። እዚያ ደንበኛው ልብሱን ሲያሰፋ ዘሩን የሚጠይቀው የለም። በጀጎል ውስጥ ሠርግንና ለቅሶን በጋራ የሚያነሳው አፎቻ የተባለው ማኅበር ከኢሠፓም ከኢሕአዴግም በፊት ነበረ፤ ሁለቱንም አልፎ አለ። የሐረሪ ነው፤ ግን ሐረሪነቱን ለመኖር የማንም ፓርቲ አባልነት አያስፈልገውም። ለ14ቱ ወንበሮች ሁለት የሐረሪ ፓርቲዎች ከልብ ቢወዳደሩ፣ አንዱ ስለ ጨለንቆ መታሰቢያ፣ ሌላው ስለ ጀጎል የውሃ እጥረት ቢሟገት፣ ተሸናፊው በማግስቱም ሐረሪም ኢትዮጵያዊም ሆኖ ወደ አፎቻው ይሄዳል።