የሮማ አፈ ታሪክ በፋሽስቶች እጅ

የኢጣልያ ፋሽስቶች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1922 ወደ ሥልጣን ሲወጡ ለሕዝቡ ከእንጀራ አስቀድመው ያቀረቡለት ትዕይንት ነበር። ዓርማቸው የጥንት ሮማ ሹማምንት አጃቢዎች ይሸከሙት የነበረው፣ መጥረቢያ የተሰካበት የበትር እስር ነው። የዘመን ቍጥሩ ሳይቀር እነርሱ ሥልጣን ከያዙበት ቀን እንደ አዲስ ተጀመረ። በ1923 ሜይ ዴይ ተሽሮ፣ ሮማ ተቈረቈረች የሚባልበት ኤፕሪል 21 በምትኩ የሥራ በዓል እንዲሆን ታወጀ። አፈ ታሪኩ ጌጥ ብቻ አለመሆኑ እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ሠራተኛው በትግሉ ያቆመውን ቀን ተነጥቆ የሮሙሉስን ከተማ ልደት እንዲያከብር ተደረገ።

ለሥነ ጥበብ ሰው ይበልጥ ትምህርት የሚሆነው ግን የሰላምታው ታሪክ ነው። ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ ሰላምታ መስጠትን ፋሽስቶች «የሮማውያን ሰላምታ» ብለው ሰየሙት። ይሁን እንጂ ከጥንት ሮማ በተረፈ ጽሑፍም ሆነ ቅርጽ ላይ እንዲህ ያለ ሰላምታ በግልጽ ተመዝግቦ አይገኝም። ምንጩ ሸራና መድረክ ነው፤ በመጀመሪያ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዳቪድ በ1784 የሣለው የሆራቲዎች መሐላ፣ ኋላም በ1914 የታየው «ካቢሪያ» የተባለው ድምፅ አልባ ፊልም። በዚህ ፊልም ሥራ ተካፋይ የነበረው ባለቅኔ ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ በ1919 ተከታዮቹን ይዞ ፊዩሜን በያዘ ጊዜ ሰላምታውን፣ የሰገነት ንግግሩንና ከሕዝብ ጋር የሚደረገውን የጥያቄና መልስ ጩኸት ወደ አደባባይ አወጣው። ሙሶሊኒ የወረሰው ይህንኑ ነው። ተዋናይ መጋረጃው ሲወርድ ልብሱን ያወልቃል፤ ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ ግን አላወለቀም።

በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የደረሰው ሽንፈት ለኢጣልያ ገዢዎች ያልሻረ ቁስል ነበር። አፈ ታሪኩ ይህን ቁስል ቄሣሮች ትተውት እንደ ሄዱት ዕዳ አድርጎ አቀረበው። እ.ኤ.አ. በሜይ 9 ቀን 1936 ሙሶሊኒ ከፓላሶ ቬኔሲያ ሰገነት ሆኖ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛቱ ወደ ሮማ ኮረብቶች ተመለሰ ሲል አወጀ። በአዲሱ አውራ ጎዳና ግንብ ላይ የጥንቷን ሮማ መስፋፋት ከሚያሳዩት አራት የእምነ በረድ ካርታዎች ጎን፣ ኢትዮጵያን የጨመረ አምስተኛ ካርታ ተለጠፈ። በ1937 ደግሞ ስለ ሲፒዮ አፍሪካኑስ ድል በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ታላቅ ፊልም ለሕዝብ ታየ።

በዚያው ዓመት ከአክሱም የተወሰደው፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሐውልት ሥልጣን የያዙበት 15ኛ ዓመት ሲከበር በሮማ ተተከለ። አውግስጦስ ከግብፅ ሐውልት አምጥቶ ነበርና ሙሶሊኒም ማምጣት ነበረበት። የሚያስገርመው ምርኮው ራሱ በማራኪው ላይ መመስከሩ ነው፤ ሥልጣኔ ሊያስተምሩት ዘመትን ያሉት ሕዝብ፣ ሮማ ገና በቄሣሮች ስትገዛ ከእርስዋ ጋር በባሕር የሚነግድ፣ ይህንንም ድንጋይ ፈልፍሎ ያቆመ ነበር።

አምስተኛው ካርታ ከአገዛዙ ውድቀት በኋላ ተነሣ። ሐውልቱ ግን በ1947 የሰላም ውል እንዲመለስ ከታዘዘ በኋላ እንኳ በባዕድ አደባባይ ቆየ፤ በ2005 በሦስት ተከፍሎ ወደ አክሱም ተመልሶ በ2008 ዳግመኛ ቆመ። እዚያ አደባባይ ፊት ለፊት ለአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረው ሕንጻ፣ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው።