ደግ ፊት ለክፉ ሚና፦ የአንድ ካውቦይ ፊልም የተዋንያን ምርጫ ታሪክ

«ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1968 መጨረሻ በጣሊያን ለእይታ የበቃ የካውቦይ ፊልም ነው። የፊልም አፍቃሪዎችን ለብዙ ዓመታት ካከራከሩት ነገሮቹ ዋነኛው የተዋንያን ምርጫው ነው። ሐቀኛና ርኅሩኅ ሰዎችን በመጫወት የታወቀው ሄንሪ ፎንዳ በዚህ ፊልም ሕፃን የሚገድል ቅጥረኛ ሆነ። በአጃቢ ሚናዎች ይታይ የነበረው ቻርልስ ብሮንሰን ደግሞ ዋናውን ተበቃይ ተጫወተ።

የምርጫው ታሪክ የሚጀምረው ፊልሙ ከመውጣቱ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሊዮኔ በ1964 «ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ»ን ሲያዘጋጅ ያኔም ያሰበው ፎንዳን ነበር። ሆኖም የፊልሙ ጠቅላላ በጀት 200 ሺህ ዶላር ያህል ስለነበር የታላቁን ተዋናይ ክፍያ አይችልም ነበር። ጄምስ ኮበርን 25 ሺህ ዶላር ጠየቀ፤ ብሮንሰን የፊልሙን ጽሑፍ አንብቦ ሳይወደው ቀረ። በመጨረሻ «ሮሃይድ» በተባለ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ይሠራ የነበረው ክሊንት ኢስትዉድ በ15 ሺህ ዶላር ተቀጠረ። ዛሬ ሌላ ሰው ይጫወተው ነበር ብሎ ለመገመት የሚያዳግተው ሚና ለኢስትዉድ የደረሰው ሌሎቹ ስላልተገኙ ነው።

ቀጣዮቹ ሁለት ፊልሞችም እንዲሁ በተተኪዎች የደመቁ ናቸው። ለ1965ቱ «ፎር ኤ ፊው ዶላርስ ሞር» ሊ ማርቪን ሳይገኝ ሲቀር ሊዮኔ ሊ ቫን ክሊፍን አመጣ። ቫን ክሊፍ በ1952 በ«ሃይ ኑን» አንድም ቃል የማይናገር ሽፍታ ሆኖ የጀመረ፣ ከመኪና አደጋ በኋላ ሥራ ርቆት ሥዕል ይሥል የነበረ ተዋናይ ነው። በ1966ቱ «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» ደግሞ ኢላይ ዋላክ መጀመሪያ ለጣሊያናዊው ጂያን ማሪያ ቮሎንቴ ታስቦ የነበረውን የቱኮን ሚና ያዘ።

ሊዮኔ ተዋናይ ሲመርጥ ከአነጋገሩ ይልቅ ፊቱን የሚያይበት ምክንያት ነበረው። በጊዜው በጣሊያን የፊልም አሠራር ድምፅ የሚቀዳው ከቀረጻ በኋላ ነው። ተዋንያኑም በየቋንቋቸው ይናገሩ ስለነበር ታሪኩን ዓይንና ዝምታ መሸከም ነበረባቸው። ካሜራውን ፊት ላይ አስጠግቶ ረዥም ጊዜ የሚያቆየው ሊዮኔ፣ ተመልካች ስለዚያ ፊት ቀድሞ የሚያውቀውንም የታሪኩ አካል አድርጎታል።

የፎንዳ ምርጫ ኃይሉን ያገኘው ከዚህ ነው። ፎንዳ በ1939 «ያንግ ሚስተር ሊንከን»ን፣ በ1940 «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ»ን፣ በ1957 ደግሞ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን»ን የሠራ፣ ለአሜሪካውያን የቅን ሰው ምሳሌ የሆነ ተዋናይ ነበር። የሊዮኔን ግብዣ ለመቀበል አመንትቶ ዋላክን አማከረ፤ ዋላክም እንዲቀበል መከረው። ፎንዳ ክፉ ሰው ለመምሰል ጺሙን አሳድጎ፣ ሰማያዊ ዓይኖቹን በቡናማ የዓይን ሌንስ ሸፍኖ ወደ ቀረጻው ቢመጣም ሊዮኔ ሁሉንም አስወገደበት። ዳይሬክተሩ የፈለገው ተመልካች የሚያውቀውን ያንኑ ፊት ነው። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ቤተሰብ ይጨፈጨፋል። ካሜራው ከገዳዩ ጀርባ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚታየው ፎንዳ ነው።

ምርጫውን የሚነቅፉ ሰዎች ድንጋጤው የተመሠረተው በቀድሞዎቹ ፊልሞች ላይ ስለሆነ እነሱን ላላየ ትውልድ ይደበዝዛል ይላሉ። ፎንዳ በ1948ቱ «ፎርት አፓቺ» ግትርና ጨካኝ አዛዥ፣ በ1968 ከሊዮኔ ፊልም ቀድሞ በወጣው «ፋየርክሪክ» ደግሞ የወንበዴዎች አለቃ ስለነበር ክፋት አዲሱ አልነበረም የሚሉም አሉ። ሁለቱም ነጥቦች እውነትነት አላቸው፤ ምርጫውን ግን ዋጋ አያሳጡትም። የቀድሞ ፊልሞቹን የማያውቅ ተመልካችም ቢሆን በዚያ ሁሉ እርጋታ ሕፃን ላይ ሽጉጥ ሲመዘዝ ያያል። የሚያስፈራው ክፋቱ ፊቱ ላይ አለመነበቡ ነው።

ሁለተኛው ክርክር በብሮንሰን ላይ ነው። ሊዮኔ ሐርሞኒካ የሚነፋውን ስም የለሽ ተበቃይ ለኢስትዉድ አቅርቦለት እምቢ አለ። ብዙዎች ዛሬም ኢስትዉድ ቢሆን ኖሮ ይላሉ። ነገር ግን የኢስትዉድ ገጸ ባሕርይ ለገንዘብ የሚንቀሳቀስ ብልጥ ነው፤ ተመልካችም የቀድሞው ሰው ተመልሶ መጣ ይል ነበር። ሐርሞኒካ ነፊው ግን ወንድሙ በዓይኑ ፊት የተገደለበት፣ ሕይወቱን ሙሉ አንድ ሰው ሲፈልግ የኖረ ነው። በፔንሲልቬንያ የከሰል ማዕድን አካባቢ ከሊትዌኒያ ተወላጅ ቤተሰብ የተወለደው፣ ራሱም በማዕድን ጉድጓድ የሠራው ብሮንሰን ይህን ሐዘን ያለ ብዙ ቃል ማሳየት ችሏል።

በመክፈቻው ትዕይንት ባቡር ጣቢያ የሚጠብቁት ሦስት ታጣቂዎችም የታሰበባቸው ናቸው። ሊዮኔ ኢስትዉድን፣ ቫን ክሊፍንና ዋላክን እዚያ አቁሞ በብሮንሰን እጅ ለመግደል፣ በዚህም የቀድሞ ፊልሞቹን ለመሰናበት አስቦ ነበር። ኢስትዉድ ባለመስማማቱ ጃክ ኢላም፣ ዉዲ ስትሮድና አል ሙሎክ ተተኩ። ኢላምና ስትሮድ የአሜሪካ ካውቦይ ፊልሞች ነባር ፊቶች ስለሆኑ ስንብቱ ለራሱ ለሊዮኔ ፊልሞች መሆኑ ቀርቶ ለመላው የካውቦይ ፊልም ሆነ። በቱኒስ የተወለደችው ክላውዲያ ካርዲናሌ የባለታሪኳን የጂልን ሚና ስትይዝ፣ በሊዮኔ የካውቦይ ፊልሞች ታሪኩ በሴት ዙሪያ ሲሽከረከር የመጀመሪያው ነበር።

ፊልሙ በአሜሪካ 20 ደቂቃ ያህል ተቆርጦ ሲቀርብ ገበያ አልቀናውም፤ በፈረንሳይ ግን ከ14 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አየው። በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ተካተተ። ያኔ አሜሪካዊውን ተመልካች ያስከፋው የፎንዳ ምርጫ ዛሬ ከፊልሙ ታላላቅ ውጤቶች አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተዋናይ ወደ አንድ ሚና ሲመጣ ያለፉ ሥራዎቹን ይዞ ይመጣል፣ ጥሩ ዳይሬክተርም ያንን ትዝታ እንደ ጽሑፉና እንደ ሙዚቃው ሁሉ በሥራ ላይ ያውለዋል።